ሻዩን ማን አጠቆረው?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ጅማ ዳር፣ ከቆሻሻ መጣያው ቁልቁል 300 ሜትር ያህል ርቀን ነው። ግቢያችን ውስጥ 9 ሜትር ጥልቀት ያለው የእጅ ጉድጓድ አለን። ካለፈው ክረምት ወዲህ ውሃው ብረት ብረት ይላል፤ ሻይ ሲፈላበት እንደ ቀለም ይጠቁራል። ባለቤቴ «የመጣያው ፍሳሽ ነው» ይላል። ጎረቤታችን ደግሞ «የራሳችሁ ሽንት ቤት ነው» ትለናለች፤ ከጉድጓዱ 12 ሜትር ቢርቅ ነው። የ3 ወር ልጅ አለን፣ ጡጦ ይጠባል። ማናቸው ናቸው ልክ?
ባለ ጉድጓዷ፣ ከጅማ

መልስ፦ እህቴ፣ ከሻዩ በፊት ስለ ልጁ። ውሃው እስኪመረመር ድረስ ጡጦውን በጉድጓዱ ውሃ አይበጥብጡ። ከሽንት ቤትም ከመጣያም ናይትሬት (ከሰገራና ከበሰበሰ ነገር ወጥቶ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ ጨው) ሊመጣ ይችላል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊ ግራም ነው፣ ከዚያ ካለፈ የሕፃን ደም ኦክስጅን መሸከም ሊያቅተው ይችላል። ማፍላት ናይትሬትን አያጠፋውም፤ ውሃው ሲተን እንዲያውም ይበረታል። ውሃ አጋርም ጀርም ይገድላል እንጂ ናይትሬትን አይነካውም።

አሁን ወደ ሻዩ። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ብረት ሲያገኝ ይጠቁራል፤ ስለዚህ ብረት መኖሩን ሻይዎ መስክሯል። ከየት እንደመጣ ግን አልተናገረም። የበሰበሰ ቆሻሻ ፍሳሽ በአፈሩ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፣ ያኔ አፈሩ ራሱ ይዞት የኖረው ብረትና ማንጋኒዝ ይሟሟል። የሽንት ቤት ፍሳሽም ይህንኑ ያደርጋል። ምንም ቆሻሻ ያልደረሰበት ረግረግም ያደርገዋል። በብረት ብቻ ማንንም አይክሰሱ።

ይህን የምለው ተሳስቼ ስለማውቅ ነው። ገና ወጣት የውሃ ቴክኒሻን ሳለሁ አንድ ግቢ ገብቼ፣ መጣያውን ከላይ እያየሁት፣ «ከዚያ ነው» ብዬ ፈረድኩ። በኋላ የሦስት ጉድጓዶች ውሃ ሲለካ፣ ከመሬት በታች ያለው ውሃ ወደ ጎን፣ ወደ ወንዙ ነበር የሚሄደው። ጥፋተኛው 8 ሜትር ላይ ያለ ሽንት ቤት ሆነ። ባለግቢው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ይስቅብኛል።

እናንተም ከዚያው ጀምሩ። በአንድ መስመር ላይ ያልሆኑ ሦስት ጉድጓዶች ምረጡ። በአንድ ጠዋት፣ ውሃ ሳይቀዳ፣ ከአፋቸው እስከ ውሃው ያለውን በሜትር ለኩ። የአፋቸውን ከፍታ ልዩነት አንድ ግንበኛ በቱቦ ውሃ ልክ፣ በየ20 ሜትሩ እየተሻገረ፣ ያወጣላችኋል። በስልክ ካርታ አትሞክሩት፤ ስህተቱ ከምትፈልጉት ልዩነት ይበልጣል። ከአፉ ከፍታ ላይ እስከ ውሃው ያለውን ስትቀንሱ የውሃው ከፍታ ይወጣል፤ ውሃው ከፍ ካለበት ወደ ዝቅተኛው ይሄዳል። አጠገባችሁ በፓምፕ የሚስብ ጥልቅ ጉድጓድ ካለ ግን አቅጣጫውን ወደ ራሱ ሊጎትት ስለሚችል እሱንም ጠይቁ።

ጅማ ላይ ዝናቡ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። አንድ ሄክታር መጣያ ላይ 15,000 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ከዚህ አምስተኛው እንኳ ቢሰርግ 3,000 ሜትር ኩብ ጥቁር ፍሳሽ ነው። መንገዱ ላይ ቀዩ ሸክላ አፈር ያዘገየዋል፤ በፍሳሹ ውስጥ ካለው አሞኒያም የተወሰነውን ይዞ ያስቀራል። ከሥሩ ያለው የተሰነጠቀ ጥቁር ድንጋይ ግን እንዲህ አይታገሥም። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዳርሲ በ1856 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጣው፣ ውሃ በመሬት ውስጥ የሚሄድበትን ፍጥነት በሚያሰላ ቀመር ለምሳሌ ያህል አስልቼዋለሁ፤ ተዳፋቱን 2 በመቶ ብለን፣ ውሃው በአፈር ውስጥ በቀን 5 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ 300 ሜትሩን ለመጨረስ 16 ዓመት ይፈጅበታል፤ በስንጥቅ ውስጥ በቀን 2 ሜትር ቢሄድ ደግሞ 5 ወር። «ሩቅ ነው» የሚለው ክርክር ለዚህ ነው የማያዋጣው።

ምስክሩ ክሎራይድ ነው። አፈር አይዘውም፣ አይበሰብስም፣ ከውሃው እኩል ይጓዛል። ሽንትም ክሎራይድ ስላለው ግን ብቻውን አይበቃም። ከመጣያው በላይ ካለ ጉድጓድ፣ በመካከል ካለ፣ ከእናንተም ናሙና ይወሰድ። ክሎራይድ፣ አሞኒያ፣ ፖታሲየምና ማንጋኒዝ ወደ መጣያው በተጠጋን ቁጥር አብረው የሚጨምሩ ከሆነ ባለቤትዎ ልክ ናቸው። እነዚህ በመካከለኛው ጉድጓድ ዝቅ ብለው በእናንተ ጉድጓድ ናይትሬትና የዓይነ ምድር ባክቴሪያ ካሻቀበ፣ ጎረቤትዎ። ባክቴሪያ በሸክላ ውስጥ ያን ያህል ርቀት መጓዝ ይከብደዋልና፣ ከተገኘ መጀመሪያ 12 ሜትሩን ተመልከቱ። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህን ለጎረቤትዎ አሁን አይንገሯት።

የባክቴሪያው ጠርሙስ ላቦራቶሪ ያዘጋጀው ንጹህ ይሁን፤ በበረዶ ሳጥን ሆኖ በዚያው ቀን ይድረስ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የአካባቢ ጤና ትምህርት ክፍል አለው፣ ሄዳችሁ ጠይቁ። ናሙናውን አንዴ በነሐሴ፣ አንዴ በየካቲት ውሰዱ፤ ዝናብ ፍሳሹን ገፍቶ ያመጣው ይሆን ወይስ አቅጥኖት ይሆን፣ የሚለየው ሁለቱን ጎን ለጎን ስናይ ነው።

የሦስቱን ጉድጓዶች ልኬት በወረቀት ጽፋችሁ ላኩልኝ፤ ውሃው የሚሄድበትን አቅጣጫ የሚያሳየውን ቀስት እኔ እስልላችኋለሁ።