ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው፤ እስኪ ቆርጠው ይዩዋቸው

ጥያቄ፦ «ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ይርጋለም አካባቢ ነው። ከአባቴ በወረስኩት ጓሮ፣ ከቡናውና ከእንሰቱ መሀል፣ ስማቸውን በውል የማላውቃቸው ሦስት ተክሎች አሉ። ሁለቱ ትልልቅ ዛፎች ናቸው። ፍሬያቸው አረንጓዴ፣ ውስጡ ነጣ ያለና ጣፋጭ ነው። ጎረቤት ሁለቱንም ጊሽጣ ይላቸዋል። ግን የአንዱ ዘር ጥቁር፣ የሌላው ነጭ ነው። ሦስተኛው ከሰው ቁመት ትንሽ ይበልጣል፤ እንቁላል የሚመስል ቀይ ፍሬ ያንጠለጥላል። እናቴ የእምቧይ ዘመድ ነው፣ ልጆቹ እንዳይነኩት ትላለች። ወፎች ግን ሲበሉት አያለሁ። ምንድን ናቸው? ችግኝ አፍልቼ ብሸጥስ?»

መልስ፦ ጥያቄውን ግማሹን እርስዎ ራስዎ መልሰውታል። «የአንዱ ዘር ጥቁር፣ የሌላው ነጭ» ያሉት ነገር ዋናው ነው። ሁለቱ ዛፎች ዝምድናም የላቸውም።

በነገራችን ላይ፣ በአማርኛ ዛፉ ላይ የተንጠለጠለውንም፣ ሆዱ ውስጥ ያለውንም «ፍሬ» ነው የምንለው። እንዳንምታታ እዚህ የውስጡን «ዘር» እላለሁ።

ጥቁር ዘር ያለው ጊሽጣ ነው። ጎረቤትዎ በዚህኛው አልተሳሳተም። ዘሩ ባቄላ የሚያህል፣ ጠንካራና የሚያብረቀርቅ ነው፤ በነጩ ሥጋ ውስጥ ብዙ ሆኖ ተበታትኖ ይገኛል። ቆዳውን ካዩት ደግሞ በአውራ ጣት ተጭነው የተዉት ሊጥ ይመስላል። ሲበስል ጥቁር አረንጓዴው ወደ ፈዛዛ አረንጓዴ ይሄዳል እንጂ አይቀላም።

ነጭ ዘር ያለው ካዝሚር ነው። የመጣው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ ደጋማ አካባቢ ሲሆን፣ ዘመዶቹ ብርቱካንና ሎሚ ናቸው። ቆዳው ስስና ልስልስ ነው። ዘሩ ትልቅ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች ይመስላል፤ ቁጥሩም ከአምስት ከስድስት አይበልጥም። አንዳንዱ ሳይሞላ እንደ ወረቀት ቀጥኖ ይቀራል። ቅጠሉንም ይዩት፤ ከአንድ አገዳ ላይ እንደ ጣቶች የተዘረጉ፣ ብዙ ጊዜ አምስት የሚሆኑ ቅጠሎች ያገኛሉ። የጊሽጣ ቅጠል ነጠላ ነው።

እኔም በዚህ ጉዳይ አፍሬ አውቃለሁ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት እናት ጓሮ ገባሁ። ቀና ብዬ አረንጓዴውን አየሁና «ጊሽጣ ነው፤ አበባውን በእጅ ማዳቀል ያስፈልጋል» ብዬ ማብራራት ጀመርኩ። እሳቸው ዝም ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ አንዱን ፍሬ አውርደው በቢላ ለሁለት ከፈሉና እጄ ላይ አስቀመጡት። «ልጄ፣ ጊሽጣ እንዲህ ያለ ዘር አለው እንዴ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ሳልቆርጥ ስም አልሰጥም።

ቀለም ብዙ ያሳስታል። ዘይቱን ውስጡ ነጭም ሮዝም ይሆናል፤ ተክሉ ግን አንድ ነው፣ ጥርስ የሚፈታተነው ደቃቅ ዘሩም ያው ነው። ፓሽን ፍሩት ወይን ጠጁም ቢጫውም ሲከፈት በቢጫ ዝልግልግ የታቀፈ ጠቆር ያለ ዘር ነው ያለው። ብርቱካን እንኳ ሌሊቱ በማይቀዘቅዝበት ቆላ አረንጓዴ እንደሆነ ይበስላል። ሳይበስል ቆረጥነው ብሎ የሚጣላ ነጋዴ አይቻለሁ።

ስለ ጊሽጣው ያንን ያኔ ያለ ቦታው ያወራሁትን ምክር አሁን በቦታው ልስጥዎት። ፍሬው አንድ ጎኑ ያበጠ፣ አንድ ጎኑ የጎደጎደ ሆኖ ከወጣ ይክፈቱት። በጎደጎደው በኩል ዘር አያገኙም፤ ያ በኩል አልዳቀለም ማለት ነው። የጊሽጣ አበባ መጀመሪያ ሴት፣ ቆይቶ ወንድ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ከሰዓት በኋላ በደንብ ከተከፈቱት አበቦች ዱቄቱን በትንሽ ብሩሽ ይሰብስቡ። በነጋታው ጠዋት ገና በትንሹ ከተከፈቱት ውስጥ ያስገቡት። ሥራው አሰልቺ ነው። አሥር አበባ ላይ ሞክረው ልዩነቱን ካዩ በኋላ ይወስኑ።

አሁን ወደ ልጆቹ። የሁለቱም ዛፎች ሥጋ ይበላል፤ የሁለቱም ዘር አይበላም። የካዝሚር ዘር መርዛማ ነው፤ አይታኘክ፣ አይፈጭ፣ መኖ ውስጥም አይግባ። የጊሽጣ ዘር ሲፈጭ ዱቄቱ ዓይንን ክፉኛ ይጎዳል። ቅማል ይገድላል ተብሎ ራስ ላይ የሚቀባበት አገር አለ፤ እርስዎ ግን አይሞክሩት። ትንንሾቹ ልጆች ዘሩ ወጥቶላቸው ይብሉ።

ሦስተኛው የዛፍ ቲማቲም ይመስለኛል። እናትዎ የእምቧይ ዘመድ ነው ያሉት አልተሳሳቱም፤ አንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ቲማቲምና ድንችም እዚያው ናቸው። እዚህ ላይ ዘር ብቻውን አይበቃም፤ የዚህ ቤተሰብ ዘር በአብዛኛው ጠፍጣፋ ስለሆነ። ስለዚህ አራት ነገር አብረው ይዩ። ግንዱና ቅጠሉ እሾህ አለው? እምቧይ እሾሃም ቁጥቋጦ ነው፣ የዛፍ ቲማቲም እሾህ የለውም። ቅጠሉ ሰፊ፣ የልብ ቅርጽ ያለው፣ ሲታሽ ደስ የማይል ሽታ የሚሰጥ ነው? ፍሬው በረጅም አንገት ቁልቁል ተንጠልጥሏል? የእምቧይ ፍሬ ክብ ነው፣ ሲበስልም ይቢጫል። በመጨረሻ ወገቡ ላይ አግድም ይቁረጡት። ሁለት ክፍል፣ ጥቁር ቀይ ዝልግልግ፣ በውስጡ ከቲማቲም የሚተልቅ ጠፍጣፋ ዘር ካዩ፣ እሱ ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከዛፍ ቲማቲም ጋር ካልገጠመ አይቅመሱት፤ ቅጠሉን ከነፍሬው ይዘው ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሂዱ። «ወፍ በላችው» ማስረጃ አይሆንም። እኛን የሚጎዳ ወፍን ምንም የማያደርግ ፍሬ ሞልቷል።

ችግኙን በተመለከተ፣ በቶሎ ገንዘብ የሚያሳይዎት የዛፍ ቲማቲሙ ነው። በሁለት ዓመት ገደማ ያፈራል። ከዘር ያፈሉት ቀጥ ብሎ ያድጋል፤ ከቅርንጫፍ የተተከለው ዝቅ ብሎ ይንዠረገጋል። ሥሩ ጥልቀት ስለሌለው ንፋስ እንዳይጥለው ከቡናው ጥግ ያስጠጉት። ካዝሚር ከዘር ከተነሳ ሰባት ስምንት ዓመት ያስጠብቃል። በችግኝ ላይ ከሚያፈራ ዛፍ ቅርንጫፍ ተቀጥሎበት ሲተከል ግን በሦስት በአራት ዓመት ይደርሳል፤ ስለዚህ እንዲህ አድርጎ የሚቀጥል ሰው ካገኙ ከአባትዎ ዛፍ ቅርንጫፍ ይጠቀሙ። ለገበያ ሲያወርዱት ገና ጠንካራ ሳለ፣ ከትንሽ አንገቱ ጋር ይቁረጡት። ከወደቀ ወይም ከተጫነ ሥጋው ይመርራል።

የዛፍ ቲማቲሙ ከተረጋገጠልዎት፣ በደንብ የቀላውን ብቻ ይልቀሙ። ቆዳው መራራ ነው፤ ፈላ ያለ ውሃ ውስጥ ለአፍታ ከትተው ይላጡት። ለሁለት ከፍለው ስኳር ነስንሰው ለእናትዎ ያስቀምሱ። ባይወዱት አይፍረዱባቸው፤ እኔንም ይጎመዝዘኛል።