ድንጋዩስ?

ባለፈው ሳምንት ማታ አንዲት ወጣት ጋዜጠኛ በቴሌግራም መልእክት ላከችልኝ። «ጋሼ፣ አያቴ አረፉ። በ1987ቱ ምርጫ የገጠር ወረዳችንን ወክለው ፓርላማ ገብተው ነበር። የሕይወት ታሪካቸውን አንቺ ጻፊ ተብያለሁ። ቀብሩ ነገ ስድስት ሰዓት ነው። ስንት ገጽ ይሁን?»

ስንት ገጽ! መጀመሪያ ሳቄ መጣ። «ከሁለት አይብለጥ፤ ሕዝቡ ፀሐይ ላይ ነው የሚቆመው» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁትና ሻዬ እስኪቀዘቅዝ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በ1986 ዓ.ም. እኔም የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር።

የቀረውን ለእሷ ብቻ መንገር አልፈለግሁም። ብዕር የያዛችሁ ልጆች ሁሉ አንድ ቀን «አንተ ጋዜጠኛ አይደለህ፣ ጻፍ እንጂ» መባላችሁ አይቀርም።

የሕይወት ታሪክ በእኛ አገር የታወቀ መልክ አለው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ» ብሎ ይጀምራል። «ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ» ይላል። መሐል ላይ ሟቹ ሁሉ ታታሪ፣ ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነው። «ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው» ብሎ ያልቃል። ስሙን እየቀያየራችሁ ለመንደሩ ሁሉ ልታነቡት ትችላላችሁ። አሁንማ ስልካችሁ ራሱ ይጽፍላችኋል። ዓምና አንድ ቀብር ላይ የተነበበ ጽሑፍ፣ ዕድሜ ልካቸውን ከበሬ ኋላ የኖሩትን ሰውዬ «የለውጥ ራዕይ ሰንቀው የተነሱ» አላቸው። ቢሰሙት ኖሮ ማን ሞቶ ነው ብለው ይጠይቁ ነበር።

በእናንተ ልፍረድ እንጂ እኔም ያንኑ አድርጌአለሁ። ያውም ያለ ስልክ።

ያደግሁት ጎጃም፣ ከቢቸና ወጣ ብሎ ነው። ያኔ የሕይወት ታሪካቸውን የጻፍኩላቸውን ሰው በስማቸው የሚጠራቸው አልነበረም። «እንደራሴው» ነበር የሚባሉት። በጃንሆይ ጊዜ የፓርላማ ተመራጭ የሕዝብ እንደራሴ ይባል ነበር። ሕዝቡ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትን ራሱ እንዲመርጥ የፈቀደው የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው የሚመረጠው በስሙ ነው፤ ለመወዳደርም ንብረት ያስፈልጋል። እሳቸው በ1957 ተመርጠው ለአራት ዓመት ገቡ። አገር ቤት ሲመጡ እኛ ልጆቹ ከበን የምንጠይቃቸው ስለ ሕግ አልነበረም። አራት ኪሎ ስላለው ሕንፃና አናቱ ላይ ስላለው ሰዓት ነበር።

በ1960 የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አሥራት ቀርቶ ገበሬው በገቢው ልክ ግብር ይክፈል የሚል ነው። ወረቀት ላይ ሲያዩት ክፉ አይመስልም። ጎጃም የሰማው ግን ሌላ ነው። ገማች ይመጣል፣ ከገማቹ ኋላ ቀላድ፣ የመሬት መለኪያው ገመድ፣ ይመጣል፣ መሬት ከተለካ ርስት አለቀለት። ሞጣ፣ ቢቸና፣ ዳሞት አመጸ። መንግሥት ጦር ላከ፤ አውሮፕላንም መጣ። እኔ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ነኝ። አውሮፕላን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚያ ዓመት ነው። እናቴ እንስራው ኋላ ደበቀችኝ። እንስራ ከቦምብ የሚያድን ይመስል!

እንደራሴው የመጡት ነገሩ እንዲህ ሳይከፋ ነው። ደጀን ድረስ በአውቶብስ፣ ከዚያ በበቅሎ። እሑድ ቅዳሴ እንዳለቀ ሰው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራው ሥር ተሰበሰበ። በቅሎዋን የያዝኩት እኔ ስለነበርኩ ቅርብ ነበርኩ። ጥቁር ኮት ለብሰዋል። የአዲስ አበባ ስፌት ነው፤ ኮሌታው ላይ አንዲት ጉድፍ የለችም።

አንድ ሽማግሌ ተነሱ። «አንቱ፣ ይህ አዋጅ ሲወጣ እጅ አነሱ ወይስ አላነሱም?»

አላነሳሁም ቢሉ ማን ያጣራል? ከዚያ መሐል አራት ኪሎን ያየ የለ።

«አንስቻለሁ» አሉ።

ማንም ትንፍሽ አላለም። በቅሎዋ ብቻ በጭራዋ ዝንብ ትከላከላለች።

«አሥራት ይቀራል ሲባል ለድሃው የሚቀልለት መስሎኝ ነው። እናንተን ግን አልጠየቅኋችሁም።» ይህን ብለው ጎንበስ አሉና ከአጥሩ ሥር የወፍጮ መጅ የሚያህል ድንጋይ አነሱ። አንገታቸው ላይ አደረጉት። ያን ኮት እንደለበሱ፣ ድንጋይ ተሸክመው ሕዝቡ ፊት ቆሙ።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መጠየቅ ለአገራችን አዲስ አይደለም። ሰው የገደለ፣ ሰው የበደለ ያደርገዋል። የፓርላማ ሰው ሲያደርገው ግን አይተን አናውቅም። ደግሞ ማንም ቶሎ አላወረደላቸውም። ረጅም ጊዜ ቆሙ። ለእኔ ለልጁ ረዝሞብኝ ይሆናል። በመጨረሻ ያው የጠየቋቸው ሽማግሌ ሄደው አወረዱላቸው። ወደ ቤት ስንመለስ እሳቸው በእግራቸው ከፊት፣ እኔ በቅሎዋን እየሳብኩ ከኋላ ነበርን። ኮሌታቸው ላይ አፈሩ አለ። መንገዱን ሙሉ አላራገፉትም።

የሕዝቡን አቤቱታ ይዘው ተመለሱ። አቤቱታው ጦሩን አላስቀረም። ክረምቱ ላይ ጠቅላይ ገዥው ተነሱ፤ በኋላም ንጉሡ የጎጃምን የግብር ውዝፍ ማሩ። በ1961ዱ ምርጫ እንደራሴው አልተወዳደሩም። ከዚያ ወዲያ ያለው ሃያ አምስት ዓመት ነው ትልቁ ሥራቸው። ደም የተቃባ ያስታርቃሉ። ምንጭ ያስጠርጋሉ። ለትምህርት ቤቱ ቆርቆሮ በየቢሮው ደጅ ይጠናሉ። እኔ ራሴ ከዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው የተማርኩት። በ1967 መሬት ላራሹ ሲታወጅ እንደ ማንም ገበሬ የደረሳቸውን ወስደው አረሱ። ሲያማርሩ የሰማ የለም፤ ሚስታቸው ግን ያማርሩ ነበር።

በ1985 ለፋሲካ አገር ቤት ስገባ አልጋ ይዘው አገኘኋቸው። ጋዜጠኛ መሆኔን ሰምተዋል። «በል ጻፈኝ» አሉ። ቴፕ ነበረኝ፤ ግን ድንጋይ አልገዛሁለትም። የባትሪ ድንጋይ ማለቴ ነው፤ የዛሬ ልጆች ይህን ቃል ታውቁት እንደሁ እንጃ። ደብተር አወጣሁ። መቼ ተወለዱ? የየትኛው ኮሚቴ አባል ነበሩ? ስብሰባው በሳምንት ስንት ቀን ነው? ሲሰለቻቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ልወጣ ስነሳ እጄን ያዙኝ።

«ድንጋዩን እንዳትረሳው።»

«እሺ አባባ» አልኩ። ውጭ መኪና እየጠበቀኝ ነበር። ያ ደብተር ዛሬም አለኝ። ስለ ኮሚቴዎቹ ሁለት ገጽ ተጽፎበታል። ስለ ድንጋዩ አንድ ቃል የለበትም።

በዓመቱ ሞቱ። የሕይወት ታሪካቸውን እንድጽፍ ተጠራሁ። ድንጋዩን አልረሳሁትም፤ አራት መስመር ጻፍኩ። ቤተሰቡ ግን ከመነበቡ በፊት ወረቀቱን ማየት ፈለገ። «አባታችን ድንጋይ ተሸከመ ብለህ በሕዝብ ፊት ልታነብ ነው?» ተባልኩ። ከሐዘንተኛ ጋር አይከራከሩም። በእስክሪብቶ ሰረዝኩት። እዚያው በሌላ ወረቀት ገለበጥኩና በአራቱ መስመር ፈንታ «ለሕዝባቸው ጥቅም በቆራጥነት የታገሉ» ብዬ አስገባሁ። መሰረዜን ልረሳው እችል ነበር። ይህችን ዓረፍተ ነገር ግን እስከ ዛሬ መርሳት አቃተኝ። እሳቸው ሳይዋሹ የኖሩትን፣ እኔ ሬሳቸው ፊት ዋሸሁላቸው።

አነበብኩ። ሰው አለቀሰ። አፈር ለብሰው ሰዉ መበታተን ሲጀምር አንዲት አሮጊት ወደ እኔ መጡ። በ60ው ግርግር ወንድማቸው የሞተባቸው ናቸው። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«አንተ ልጅ።»

«አቤት እማማ።»

«ደህና አነበብክ። ድንጋዩስ?»

«ቦታ አልበቃኝም እማማ።»

እጄ ላይ ያለውን ወረቀት አዩት። ማንበብ አይችሉም። ከሥር ግማሹ ባዶ መሆኑን ለማየት ግን ፊደል መቁጠር አያስፈልግም።

እና ምን እናድርግ ነው የምትሉኝ? ቤተሰብ አስቀይሙ አልላችሁም። እውነቱን ለመናገር እኔ ዛሬም ቢሆን ድንኳን ውስጥ ገብቼ የምከራከር አይመስለኝም። ያላየሁትን ቆራጥነት ግን አልጽፍም። ባዶውን ቦታ ባዶ እተወዋለሁ። ደግሞ ጠይቁ፤ ዘመዱን ብቻ ሳይሆን የተጣላውንም ጠይቁ። ለሟቹ ከሁሉ የሚበልጠውን ምስክርነት የሰማሁት፣ ብዙ ጊዜ በድንበር ሲካሰሰው ከኖረ ጎረቤቱ ነው። እናንተ ሁሉንም በስልክ ትቀርጻላችሁ፤ በዚህ እቀናባችኋለሁ። ሽማግሌው ሲያወሩ ግን እናንተ መብራቱ በቃ አልበቃም ትላላችሁ። እኔም ስለ ኮሚቴ ስጠይቅ ነበር፤ ያው ነው። ስለ ትውልድ ደረጃና ስለ ቀን አጻጻፍ ልጨምር ብዬ ነበር፤ ተዉት፣ ያን ማንም ያውቀዋል።

ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ። ስልኩን አነሳሁና ለልጅቷ ጻፍኩላት። «ሌላውን ተይውና፣ አያትሽ ያጠፉት፣ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው ነገር አለ?»

እየጻፈች እንደሆነ ስልኩ ያሳየኛል። ይጠፋል። ተመልሶ ይመጣል። ሰው መልስ ሲፈልግ እንደዚህ ያስታውቃል።

«አለ ጋሼ» አለች በመጨረሻ። «ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ። ግን ረጅም ነው።»

«እንግዲያው ሦስት ገጽ ይሁን» አልኳት።