ሠዓሊ ሲሠራ እያዩ ኮሚክ መማር፦ ዓይን የት ይረፍ?

ወንድማችን፣ «የኮሚክ ሠዓሊዎች ሲሠሩ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች ብዙ አየሁ፤ እጄ ግን ያው ነው። እንዴት ብመለከት ነው የምማረው?» ብለህ ለጠየቅከው ሰፋ አድርጌ ልመልስልህ።

ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከቪዲዮው ምርጫ ይጀምራል። ፍጥነቱ የተጨመረ ቪዲዮ ያነሳሳል እንጂ አያስተምርም። የ6 ሰዓት ሥራ በ5 ደቂቃ ሲታይ፣ ሠዓሊው ብዕሩን ከማሳረፉ በፊት ቆም ያለበት፣ መስመሩን በአየር ላይ የሞከረበት፣ ስቦ ያጠፋበት ጊዜ ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ትምህርቱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው። በታብሌት የሚሠራ ሰው አንዷን መስመር ደጋግሞ ሰርዞ ይሆናል፤ አንተ ግን በአንድ ትንፋሽ የሳላት ይመስልሃል። ስለዚህ በራሱ ፍጥነት የተቀረጸ፣ እጁም ሙሉ ገጹም የሚታይበት፣ ቢቻል ምክንያቱ የሚነገርበትን ፈልግ። ጃፓናዊው የኮሚክ ሠዓሊ ናኦኪ ኡራሳዋ በጃፓኑ የቴሌቪዥን ጣቢያ በኤንኤችኬ ያቀረበው «ማንቤን» የተባለ ፕሮግራም ለዚህ የሚሆን ነው። ካሜራዎች ጠረጴዛው አጠገብ ተተክለው ሠዓሊው ሲሠራ ይቀረጻል፤ ከዚያ ኡራሳዋና ሠዓሊው ቅጂውን አብረው እያዩ «እዚህ ጋ ለምን እንዲህ ሆነ?» እያሉ ይወያያሉ።

ከዚያ አንድ ፓነል (በኮሚክ ገጽ ላይ በክፈፍ የተለየ አንድ ሥዕል) ብቻ ምረጥ፤ አሥር ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ ይበቃል። በመጀመሪያው ዙር እርሳስ አታንሳ፤ ምን ከምን እንደሚቀድም ብቻ በወረቀት ጻፍ። ልምድ ያላቸው ሠዓሊዎች የንግግር አረፋውን (የሰዎቹ ንግግር የሚጻፍበትን ክብ) ቦታ ገና በረቂቁ ላይ ሲይዙ ታያለህ። ጀማሪ ሰውዬውን አሳምሮ ከሳለ በኋላ ጽሑፉን በቀረው ጥግ ይወትፋል፤ አረፋዎቹ የሚነበቡበት ቅደም ተከተል የሚምታታው በዚህ ነው። የአድማሱ መስመር መቼ እንደሚሰመርም ልብ በል። ሰዎቹ ከተሳሉ በኋላ ከሆነ፣ እግራቸው መሬት ሳይረግጥ የተንሳፈፉ ይመስላሉ።

በሁለተኛው ዙር ቀጣዩ መስመር ሊሳብ ሲል ቪዲዮውን አቁምና አንተ ብትሆን የት እንደምታሰምረው ወረቀትህ ላይ ሳል። ከዚያ አስኪድና አስተያይ። በሁለታችሁ መስመር መካከል ያለው ልዩነት ነው የዚያን ቀን ትምህርትህ። በሦስተኛው ዙር ስክሪኑን ዘግተህ ፓነሉን ከትዝታ ሳለው፤ የተረሳህን ለማወቅ ብቻ ክፈተው። እያዩ እኩል መገልበጥ የመስመሩን ቅርጽ ያስገኝልሃል፤ ለምን እንደተሰመረ ግን አይነግርህም።

የእርሳሱ ረቂቅ በጥቁር ቀለም የሚሰመርበት ክፍል ላይ ስትደርስ ሥዕሉን ትተህ የሠዓሊውን ክንድ ተመልከት። አጭር መስመር ከጣት፣ መካከለኛው ከእጅ አንጓ፣ ረጅሙ ኩርባ ከክርን ወይም ከትከሻ ይመጣል። ሠዓሊው ወረቀቱን የሚያዞረው ብዕሩን ሁልጊዜ ወደ ራሱ ለመሳብ ነው። ቀለም ውስጥ እየተነከረ የሚሠራ ብዕር የብረት ጫፍ ወደ ፊት ከተገፋ ወረቀቱን ይቆፍርና ቀለም ይረጫል። ጫናውንም ተከታተል፦ ቀጭን ይነሳል፣ መሃል ላይ ይወፍራል፣ ከማለቁ በፊት ይቀላል። ብዙዎች በጥላው በኩልና ለተመልካች በሚቀርበው ነገር ላይ መስመሩን ያወፍራሉ። ያንተ መስመር የሚንቀጠቀጠው ዝግ ብለህ ስለምትስብና ዓይንህ መድረሻውን ሳይሆን የብዕሩን ጫፍ ስለሚከተል ሊሆን ይችላል።

ቪዲዮው ሳይናገር የሚያልፋቸው ጥቃቅን ነገሮችም አሉ። አዲስ የብረት ጫፍ ዘይት ስለተቀባ ካልተወለወለ ቀለሙ እኩል አይወርድም። ማስመሪያው ጠርዙ ከወረቀቱ ከፍ እንዲል ተገልብጦ ነው የሚያዘው፤ አለዚያ ቀለሙ ሥሩ ይሰርጋል። ብሩሽ እስከ ፀጉሩ ግማሽ ገደማ ብቻ ይነከራል፤ ቀለም የብረቱ አንገት ውስጥ ገብቶ ከደረቀ ጫፉ ይሰነጠቃል። በእርሳሱ ረቂቅ ላይ የምታያቸው የ«ኤክስ» ምልክቶች በጥቁር የሚሞሉ ቦታዎች ናቸው፤ ጥቁሩ ገና በእርሳስ ጊዜ ተወስኗል ማለት ነው። ላጲስ የሚነሳው ቀለሙ ፈጽሞ ከደረቀ በኋላ ነው።

መጠኑንም አትርሳ። የአሜሪካ ኮሚክ ገጽ በተለምዶ 10 በ15 ኢንች ስፋት ላይ ተሠርቶ ወደ ሁለት ሦስተኛ ገደማ ተቀንሶ ይታተማል። የዚያን ሠዓሊ የመስመር ውፍረት ትንሽ ወረቀት ላይ እንዳለ ብትወስደው ሥዕልህ ይጨልማል።

ስለ ኪም ጁንግ ጊ አንድ ነገር ልበል። ይህ ኮሪያዊ ሠዓሊ (1975–2022) ሰፊ ወረቀት ላይ ያለ እርሳስ ረቂቅ በቀጥታ በቀለም ሲሥል ማየት ያስደንቃል፤ እኔም አከብረዋለሁ። ለጀማሪ ግን መነሻ አይሆንም፤ ረቂቁ የተጠናቀቀው ወረቀቱ ከመነካቱ በፊት ጭንቅላቱ ውስጥ ስለሆነ የሚታይ እርምጃ የለም። መጀመሪያ ረቂቁን፣ እርማቱንና ስረዛውን ሁሉ የሚያሳዩ ሦስት ሠዓሊዎችን ያዝ። አንድ ነገር፣ ለምሳሌ እጅ ወይም የልብስ እጥፋት፣ ሦስቱም እንዴት እንደሚፈቱት ጎን ለጎን አስተያይ። ሦስቱም የተስማሙበት መሠረት ነው፤ የተለያዩበት የየራሳቸው የአሣሣል ስልት ነውና ለጊዜው ልትተወው ትችላለህ።

በታብሌት የምትሠራ ከሆነ ደግሞ የሠዓሊው ስታቢላይዘር (የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያለሰልሰው የፕሮግራሙ መሣሪያ) ስንት ላይ እንደሆነ ከቅንብሩ ተመልከት። ከፍ ካለ መስመሩን የሚያቃናው በከፊል ፕሮግራሙ ነው፤ የራስህን ስታቢላይዘር ዝቅ አድርገህ የሳብከውን መስመር ከእሱ ጋር አታወዳድር።