መልስ፦ ሲጋራን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ

እህቴ፣ «የ9ኛ ክፍል ልጆቼን በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ ስለ ሲጋራ ጉዳት እንዴት ላስተምራቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔም እዚሁ ጅማ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ።

በካንሰር አትጀምሪ። ለ15 ዓመት ልጅ ካንሰር የሽማግሌ በሽታ ነው። ቅርቡን ንገሪው፦ የአፍ ሽታ፣ የጥርስ መበለዝ፣ ኳስ ሲጫወት ቶሎ ማለክለክ።

እኔ ባዶ የሲጋራ ፓኮ ይዤ እገባለሁ። ልጆቹ ማስጠንቀቂያውን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ከዚያ «ኢፍ» ያለበትን ዓረፍተ ነገር እናነሳለን። ጅማሬውን ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ እነሱ ይጨርሱታል። አንዴ አንድ ዝምተኛ ልጅ ደብተሩን ይዞ ወደ እኔ መጣ። በአማርኛ «አባቴ ቀድሞ አቁሞ ቢሆን ኖሮ» ብሎ ጽፏል። «ይሄ በእንግሊዝኛ እንዴት ይባላል?» አለኝ። አብረን ጻፍነው። ያን ሰዋስው ያን ቀን እንደገባቸው ሌላ ቀን ገብቷቸው አያውቅም።

ንግግር ላይ ደግሞ እምቢ ማለትን አለማምጃቸው። እኔ እንዳየሁት እዚህ ብዙ ልጅ ሲጋራ የሚለምደው በርጫ ላይ ነው፤ ጓደኛ «አንዴ ሳብ» ሲለው። ይህንኑ ሁለት ሁለት ሆነው በእንግሊዝኛ ይጫወቱት።

ለጽሑፍ ሕጉን ስጫቸው። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው ሲጋራ መሸጥን ይከለክላል፤ በፍሬ መሸጥንም እንዲሁ። ለሰፈራቸው ባለሱቅ ደብዳቤ ይጻፉ።

አደራ፣ የሚያጨስ ልጅ ካለ ክፍል ውስጥ አታንሺው። ኒኮቲን ሱስ ነው። ለብቻው አናግሪው።