የዱቄት ብናኝ ፍንዳታ፦ «ከየት ልጀምር?» ላልከው

ጥያቄህ ባጭሩ ይህ ነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ የደህንነት ሥራ ተሰጥቶሃል። አንድ ሻጭ መጥቶ «የፍንዳታ ማስተንፈሻ ካልገዛችሁ» ብሏል (ማሽን ውስጥ ፍንዳታ ሲነሳ ተከፍቶ ግፊቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣ ክዳን ነው)። የቆዩት ሠራተኞች ደግሞ «ዱቄት የት አገር ነው የሚፈነዳው?» ብለው ይስቁብሃል። ብዙ ዓመት ወፍጮ ጥገና ላይ ስለሠራሁ የማውቀውን ልንገርህ። ከመጥረጊያ ጀምር። ቀልድ አይደለም።

መጀመሪያ ለሚስቁት። ክምር ዱቄት ላይ ክብሪት ብትለኩስ ጠቁሮ ይጨሳል እንጂ ሌላ ነገር የለም። ለዚህ ነው የሚስቁት። አየር ላይ ቡን ሲል ግን ነገሩ ይለወጣል። እያንዳንዷ ቅንጣት ዙሪያዋን ኦክስጅን ታገኛለች፣ አንዷ ስትያያዝ አጠገቧ ያለችውን ትለኩሳለች። ቦታው ዝግ ከሆነ የጋለው አየር መውጫ ያጣና ግድግዳውን ይገፋል። በ1785 ጣሊያን ቱሪን ከተማ ውስጥ አንድ የዱቄት መጋዘን በዚህ መንገድ ፈንድቶ ተመዝግቧል (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። በ1878 አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ የዋሽበርን «ኤ» ወፍጮ ሲፈነዳ 18 ሰው ሞቷል። በ2008 ደግሞ እዚያው አሜሪካ ጆርጂያ ግዛት ውስጥ ያለ የኢምፔሪያል ሹገር ስኳር ፋብሪካ 14 ሰው ገድሏል። እህል፣ ዱቄት፣ ስታርች፣ ስኳር፣ ሁሉም ያው ናቸው። የላመና የደረቀ ሲሆን ይብሳል።

አሁን ዋናው ነገር። የመጀመሪያው ፍንዳታ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ኤሌቬተር (እህሉን ቀበቶ ላይ በታሰሩ ባልዲዎች ወደ ላይ የሚያወጣው ማሽን) ወይም ብናኝ የሚያጣራው ፊልተር ውስጥ ነው የሚነሳው። ግን ግፊቱ ሕንፃውን ያናውጠዋል። በብረት ምሰሶው ላይ፣ በኬብሉ መደርደሪያ ላይ፣ በቧንቧው ጀርባ የተኛው ብናኝ ሁሉ ይራገፋል። ነበልባሉ ከኋላ ይደርስና እሱን ያቀጣጥለዋል። ሕንፃ የሚያፈርሰውና ሰው የሚጨርሰው ይህ ሁለተኛው ነው። የስኳር ፋብሪካውም ታሪክ ይኸው ነበር። ከጎተራዎቹ ሥር በነበረ ዝግ ማጓጓዣ ውስጥ ተነሳ፣ ከዚያ ወለሉና ከፍታው ላይ የተከማቸው ስኳር ቀጠለው።

ምን ያህል ብናኝ ይበቃል? ሒሳቡ ያስደነግጣል። አንድ ኪዩቢክ ሜትር ብናኝ 500 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር ግማሽ ኪሎ ይሆናል። ይህ 5 ሜትር ከፍታ ያለው ክፍል ውስጥ ቢበተን በኪዩቢክ ሜትር 100 ግራም ነው። የእህል ብናኝ ደግሞ በብዛት ከ60 ግራም አካባቢ ጀምሮ ሊፈነዳ ይችላል። ስለዚህ ወለሉ ጸዳ ብለህ አትረጋጋ። መሰላል ይዘህ ወጥተህ ከዓይን በላይ ያለውን እይ። ብዙ ቦታ የሚሠራበት የብናኝ ውፍረት ወሰን 0.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ የወረቀት ክሊፕ ሽቦ ውፍረት ያህል። የምሰሶው ቀለም ምን እንደሆነ ከታች ቆመህ መለየት ካቃተህ ያለ መለኪያም መልሱን አግኝተሃል።

አጠራረጉ ግን ወሳኝ ነው። በኮምፕረሰር አየር «እፍ» ማድረግ በየፋብሪካው የማየው ልማድ ነው፣ እኔ ደግሞ በጣም የምጠላው። ደመናውን በገዛ እጅህ ሠራህ ማለት ነው። ለስላሳ መጥረጊያ ወይም ለሚቀጣጠል ብናኝ ተብሎ የተሠራ ቫኪዩም ተጠቀም። ተራው የቤት ቫኪዩም ሞተሩ ስፓርክ ስለሚያወጣ አይሆንም። ደግሞም ጠርገህ በማግስቱ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ የሚያፈስ ነገር አለ። የተቀደደ የቧንቧ ማገናኛ እጅጌ፣ ያልተዘጋ መክፈቻ፣ የደከመ መሳቢያ ፋን ፈልግ። ፍሳሹ ሳይደፈን ጽዳት ሠራተኛ መጨመር ብር ማባከን ነው።

ቀጥሎ ወደ ኤሌቬተሩ ሂድ። ሰው በሚሠራበት ክፍል አየሩ ውስጥ የሚፈነዳ ደመና በየቀኑ አይኖርም። ቢኖርማ 2 ሜትር ርቀት ላይ የበራ 25 ዋት አምፖል አይታይህም ነበር። ባልዲ ኤሌቬተር ውስጥ ግን እየሠራ እያለ እንዲህ ዓይነቱ ደመና ሊኖር ይችላል። የቀረው እሳት ብቻ ነው። እሳቱን የሚያመጡት የሚታወቁ ናቸው። ቀበቶው ወደ ጎን ሄዶ ቆርቆሮውን ይፈትጋል። ቤሪንጉ ይግላል። ወይም ከታች እህል ይታፈንና ከላይ ፑሊው (ቀበቶውን የሚያዞረው መንኮራኩር) ቆሞ በቀረው ቀበቶ ላይ እየተንሸራተተ ይሽከረከራል። ስለዚህ የቀበቶ መስመር፣ የቤሪንግ ሙቀትና የፍጥነት ሴንሰሮች ያስፈልጋሉ። የአሜሪካ የእህል ደንብ በትልልቅ ጎተራዎች ላይ ፍጥነቱ 20 በመቶ ከመውረዱ በፊት ኤሌቬተሩ በራሱ እንዲቆም ይጠይቃል። አንድ ነገር አደራ፦ የኤሌክትሪክ ሳጥኑን ከፍተህ እይ። «ሴንሰሩ እያስቸገረ ነው» ተብሎ በሽቦ ታልፎ ታገኘው ይሆናል። ከሌለ ሴንሰር ይልቅ የታለፈ ሴንሰር ይከፋል፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው አለ ብሎ ተኝቷል።

ብልጭታ እንዳይነሳ ከወፍጮው በፊት ማግኔት ይኑር፣ የያዘው ብረትም በየጊዜው ይነሳ። ቧንቧና ማሽኑ ሁሉ የመሬት ሽቦ ይኑረው።

ብየዳና ግራይንደር ላይ ግን ጥብቅ ሁን። ያለ ጽሑፍ ፈቃድ ማንም አይበይድ። መስመሩ ይቁም፣ ዙሪያው ይጽዳ፣ ከቦታው ጋር የተያያዘው ቧንቧ ይዘጋ። ብልጭታው ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ሌላ ፎቅ ላይ ፊልተር ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። ስለዚህ ብየዳው ካለቀ በኋላም የሚጠብቅ ሰው ይቆይ።

ማስተንፈሻውስ? ያስፈልጋል፣ ግን መጠኑ የሚወሰነው የእናንተ ዱቄት ናሙና ላቦራቶሪ ገብቶ የግፊቱ ኃይልና ፍጥነት ከተለካ በኋላ ነው። አፉ ወደ ውጭ ይሁን፣ ሰው በማያልፍበት በኩል። ነበልባሉ በቧንቧ ወደ ቀጣዩ ማሽን እንዳይሻገር የሚዘጋ ቫልቭም አብሮት ይገዛ። አለበለዚያ ፊልተሩን አድነህ ወፍጮውን ታጣለህ።

የመጨረሻው የጭስ ሽታ ነው። በ2017 አሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ውስጥ ዲዲዮን የተባለ የበቆሎ ወፍጮ ሲፈነዳ 5 ሰው ሞቷል። ከፍንዳታው በፊት ሠራተኞቹ ጭስ ሸቷቸው ምንጩን እየፈለጉ ነበር። እናንተ ጋ ከወዲሁ ይወሰን፦ ጭስ ሲሸት ሰው ወደ ውጭ ይወጣል፣ መስመሩም ከውጭ ይቆማል። የፊልተሩን ወይም የጎተራውን በር «እስቲ ልየው» ብሎ የሚከፍት አይኑር። አየር ይገባና ረመጡን ያነሳዋል። ውኃ የግድ ከሆነ እንደ ጉም የሚረጭ ይሁን፣ በኃይል የሚወረወር ውኃ የተኛውን ዱቄት ቡን ያደርገዋል።