መልስ፦ ጀርመን በ1940 እንግሊዝን ከአየር ማሸነፍ ለምን አቃታት?

ወንድሜ፣ «ጀርመን ያን ሁሉ አውሮፕላን ይዛ በ1940 (እ.ኤ.አ.) እንግሊዝን ማንበርከክ ለምን አቃታት?» ላልከው፣ ለእኔ አንዱ ትልቅ ምክንያት ነዳጅ ነው። ተዋጊው ሜሰርሽሚት 109 ከሰሜን ፈረንሳይ ተነስቶ ለንደን ሲደርስ፣ የሚዋጋበት ጊዜ ቢበዛ አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። አብራሪው አንድ ዓይኑ ጠላት ላይ፣ አንዱ ነዳጅ መለኪያው ላይ። ነዳጅ ማለቁን የምታስጠነቅቀው ቀዩዋ መብራት ስትበራ የሚያጅባቸውን ቦምብ ጣዮች ትቶ ወደ ቤቱ! ባሕሩን ሳይሻገሩ ነዳጅ አልቆባቸው ውሃ ውስጥ የገቡም ነበሩ።

እንግሊዞቹ ግን በራዳር አስቀድመው ስለሚያዩ በከንቱ ሰማይ ላይ አይዞሩም። ደግሞ አውሮፕላኑ ተመትቶ በፓራሹት የወረደ እንግሊዛዊ ካልቆሰለ በማግስቱ ሌላ አውሮፕላን ይዞ ይነሳል። ጀርመናዊው እዚያው ምርኮኛ ሆኖ ይቀራል። ሴፕቴምበር 7 የጀርመን የቦምብ ዱላ ወደ ለንደን መዞሩ ደግሞ (ለከተማው መከራ ቢሆንም) እስከዚያ ለተደበደቡት የእንግሊዝ አየር ኃይል ጣቢያዎች እፎይታ ሰጠ።