አራስ ነኝ፤ ራስ ምታቴ በማስታገሻ አልለቀኝም

ጥያቄ፦ ከወለድኩ 9 ቀኔ ነው። ራሴን ማመም ከጀመረኝ 3 ቀን ሆነኝ። ፓራሲታሞል ስወስድ ቀለል ይለኝና መልሶ ይነሳብኛል፤ ዓይኔንም ብዥ ይለኛል። በእርግዝናዬ ደም ግፊቴ ደህና ነበር። ቤት ያሉት «እንቅልፍ አጥተሽ ነው» ይሉኛል። ጡት እያጠባሁ ጠንከር ያለ ማስታገሻ መውሰድ እችላለሁ? አንድ ነገር ብሆን ልጄን ማን ያሳድግልኛል እያልኩ እጨነቃለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ የማስታገሻውን ነገር ይተዉትና አሁኑኑ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ሰው አስከትለው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የፈሩት ነገር በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፤ ልጅዎንም ራስዎ ያሳድጋሉ። ግን ነገ የሚባል አይደለም።

«ግፊት የእርጉዝ በሽታ ነው፤ እንግዴ ልጁ ከወጣ አለቀ» የሚለው አባባል ብዙ እናቶችን ጎድቷል። ፕሪኤክላምፕሲያ፣ ማለትም ከእርግዝና ጋር የተያያዘው አደገኛ የደም ግፊት ሕመም፣ ከወሊድ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል። በእርግዝናዋ አንድም ቀን ግፊቷ ከፍ ብሎ የማያውቅ እናትም ልትያዝ ትችላለች። በእርግዝና ጊዜ በሰውነት የተጠራቀመው ፈሳሽ ከወሊድ በኋላ ወደ ደም ሥር ስለሚመለስ፣ ግፊት በተለይ ከ3ኛው እስከ 6ኛው ቀን ከፍ ይላል። ያን ጊዜ ደግሞ እናቲቱ ቤቷ ገብታለች፤ የሚለካላት የለም። እንቅልፍ ማጣትም ራስ ያሳምማል፤ ግፊት ሳይለካ ግን «እንቅልፍ ነው» ማለት ግምት ነው። ከቀኝ ጎድን አጥንት ሥር የሚያም ወይም ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነም ያው ነው፤ ይሂዱ።

ግፊት 140 በ90 ከደረሰ በዚያው ቀን መታየት አለበት። 160 በ110 ሆኖ ካልወረደ የግፊት ማውረጃው መድኃኒት በ1 ሰዓት ውስጥ መጀመር ይኖርበታል፤ ካልሆነ መንቀጥቀጥና በአንጎል ውስጥ ደም መፍሰስ ሊከተል ይችላል። ቤት ያለው መለኪያ ደህና ቢያሳይም ዓይንዎ ብዥ እያለ አይቀመጡ። 3 ቀን በፓራሲታሞል ማሳለፍ አልነበረብዎትም! የሌላ ሰው የግፊት ክኒንም እንዳይውጡ፤ ግፊት በድንገት ሲወርድም አንጎልን ይጎዳል።

ካርድ ሲያወጡ መጀመሪያ «ከወለድኩ 9 ቀኔ ነው» ይበሉ። «ራሴን አሞኛል» ብቻ ካሉ ወረፋ ሊያስጠብቁዎት ይችላሉ። ይህን ቃል እስከ 1 ዓመት ድረስ በማንኛውም ሕክምና ቤት ይናገሩት፤ ከወሊድ ጋር የተያያዘ የልብ ድካምም ሆነ ድብርት ወራት ቆይቶ ሊመጣ ይችላልና።

ለጡቱ አያስቡ። ኒፌዲፒንና ኢናላፕሪል የተባሉትን የግፊት መድኃኒቶች እየወሰዱ ማጥባት ይቻላል፤ መንቀጥቀጥን የሚከላከለው ማግኒዥየም ሰልፌትም ማጥባትን አይከለክልም።

ቤት ሲመለሱ ግፊትዎን ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ ይለኩ፦ ሽንትዎን ሸንተው፣ 5 ደቂቃ አርፈው፣ ጀርባዎን ደግፈው፣ እግርዎን ሳያነባብሩ፣ ክንድዎ በልብዎ ትክክል ሆኖ፣ ሳያወሩና ሳያጠቡ። ራስ ምታቱ ስለተወዎት ብቻ መድኃኒቱን አያቋርጡ፤ የሚያቆመው ሐኪሙ ነው። ከ12 ሳምንት በኋላም ግፊቱ ካልወረደ እንደ ቋሚ ደም ግፊት ይታያል። ቢወርድም በየዓመቱ ያስለኩ። ሕመሙ ፕሪኤክላምፕሲያ ሆኖ ከተገኘ፣ ዳግም ሲያረግዙ ገና በመጀመሪያው ክትትል ይንገሩ፤ አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን ከ12ኛው ሳምንት ጀምሮ ሊታዘዝልዎ ይችላል።